የጸዳው ድምፅ

መሲ ግድግዳው ላይ የሰቀለችውን ወፍራም የሱፍ ብርድ ልብስ፣ ባና፣ አውርዳ በማጠፍ ላይ ነበረች። ድምፅ እንዳያስተጋባ ብላ ከጎረቤት የተዋሰችው ነው። አጎቷ ጋሼ ገብረ አማኑኤል አዲሱ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጠው፣ የጆሮ ማዳመጫውን በሁለት እጃቸው ደግፈው፣ ከግማሽ ሰዓት በፊት የደረደሩትን በገና ያዳምጣሉ።

በአራት ሰዓት የወሰኔ ሚኒባስ ከመሐል ሜዳ ወደ ደብረ ብርሃን ይወስዳቸዋል። ነገ ግራ እጃቸው ቀዶ ጥገና ይደረግለታል። ሐኪሙ ሕመሙ እንደሚለቃቸው ነግሯቸዋል፤ ጣቶቹ እንደ ድሮው አውታር ይነኩ እንደሆነ ግን አላውቅም ብሏል። ከአባታቸው የተማሩትን የሕማማት ዜማ ከእሳቸው ሌላ የሚደረድር የለም። መሲ ኮምፒውተሩን የገዛችው ይህንኑ ቀርጻ ለማስቀረት ነው፤ ገና ሳምንቱ ነው።

ማዳመጫውን አወለቁ።

«የኔ ነው ይሄ?»

«አዎ ጋሼ።»

«ሳንቃ ነው እኮ የሚመታው።» ግራ እጃቸውን ገልብጠው አዩት። «ሐኪም ቤት ሳልደርስ ሞቷላ። ስደረድር ደህና መስሎኝ ነበር።»

መሲ ማዳመጫውን ወስዳ ሰማች። ዜማው አለ፤ ጣቶቹም አልሳቱም። የጠፋው ንዝረቱ ነው፤ ከአውታሮቹ ሥር የሚገቡት ቁራጭ ቆዳዎች፣ እንዝራዎቹ፣ የሚያወጡት እንደ ንብ የሚያጉረመርም ድምፅ። በቀረጻው መሃል በጎች ጮኸው ነበር፤ ነፋሱም ቆርቆሮውን ሲያንኳኳ ነበር። ከቀረጻው በኋላ እሳቸው ልብስ ሲቀይሩ የመቅረጫ ፕሮግራሙን ድምፅ ማጽጃ ተጫነችው። በጎቹ ጠፉ፣ ነፋሱ ጠፋ። ደስ ብሏት ሴቭ አደረገችና ፕሮግራሙን ዘጋችው። በፊተኛው ፋይል ልተካው ወይ ብሎ ሲጠይቃት አዎ ብላለች።

እንደገና ከፈተችው። ወደ ኋላ የሚመልሰው ምልክት ደብዝዟል። ተጫነችው፤ አይሠራም።

ወሰኔ በሩን አንኳኩቶ አንገቱን አስገባ። «ጋሼ፣ መኪናው ሞልቷል። የምንሄደው ፋሲካ ሲደርስ ነው እንዴ?»

«መጣሁ።» ጋቢያቸውን አነሱ። «አጥፊው መሲዬ። እንዲህ ሆኖ ከሚቀመጥ ባይቀመጥ ይሻላል።»

ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም። ጥፋቱን በእጃቸው ላይ አድርገው ይሄዳሉ።

«እጅዎ አይደለም» አለች። ማዳመጫውን አስቀመጠች። «እጅዎ አይደለም ጋሼ። እኔ ነኝ። ጩኸቱን ላጥፋ ብዬ እንዝራውንም አጠፋሁት። ዋናውን አላስቀረሁም።»

«እንዝራውን?»

«አዎ።»

«ከበጎቹ ጋር?»

«ከበጎቹ ጋር።»

ግራ እጃቸውን ጨበጡ፣ ዘረጉ። ጋቢውን አልጋው ላይ ጣሉት።

«ወሰኔ፣ አሥር ደቂቃ።»

«ተሳፋሪው ይበላኛል እኮ።»

«ይብላህ፤ ለሁሉም ትበቃለህ። ዝጋው በሩን።»

ባናውን መልሶ ለመስቀል ጊዜ አልነበረም። በገናውን አቀፉ፤ መሲ ቀዩን የመቅረጫ ምልክት ተጫነች። ሦስተኛው ስንኝ ላይ የቀለበት ጣታቸው አውታሩ ላይ ደርሶ ቆመ። ከንፈራቸውን ነክሰው ጣቱን ሳቡት፤ አውታሩ አጉረመረመ። በግ ጮኸ፣ ከደጅ ክላክስ ተነፋ፤ እሳቸው እስከ መጨረሻው አላቋረጡም።

መጀመሪያውን ብቻ አዳመጡ።

«ይሄ እኔ ነኝ።»

«ክላክሱም አለ ጋሼ።»

«ይኑር። ምንም እንዳትነኪ።»

መኪናው ሲነሳ ሰማች። አላጸዳችም፣ አልቆረጠችም። ፋይሉን በዜማው ስም ሴቭ አደረገች፣ ፍላሽ ላይ ገለበጠች፣ ከፍላሹ ላይ ከፍታ ሰምታ እንዝራው መኖሩን አረጋገጠች። ከዚያ ፍላሹን ነቅላ በወረቀት ጠቀለለችና መሳቢያ ውስጥ አስቀመጠችው።