የሚያድገው ደንበኛ

ልብስ ሰፊውን ሰፈርተኛው «ፔዳል» ይለዋል። ቀኝ እግሩ ከጉልበት በታች ከተቆረጠ ወዲህ የስፌት መኪናውን በግራው ብቻ ሲረግጥ ያየ ሁሉ ነው ያወጣለት፣ እሱም አልከፋውም። የሚከፋው ሲያዝኑለት ነው። ያኔ ቶሎ ብሎ አንድ ጥንድ ካልሲ ለእሱ ሁለት ጥንድ እንደሆነ ይነግራቸውና ስቀው ይሄዳሉ። የገዛ ሱሪውን ቀኝ እግር አሳጥሮ የሰፋ ቀን ግን ጨርቁ ላይ ተደፍቶ አልቅሷል። ይህን ከሚስቱ በቀር የሚያውቅ የለም።

ያን እግር የበላችው አንዲት ስፒል ናት። ወለል ላይ ወድቃ ሳለች ረገጣት። የስኳር በሽታው እግሩን አደንዝዞት ኖሮ ሳምንት ሙሉ ተረከዙ ውስጥ ይዟት ዞረ። በመጨረሻ ጉዱን የነገረው ሽታው ነው። ሐኪሙ ሲያሰናብተው፣ ግራው ከደነዘዘ በዚያው ቀን እንዲመጣ፣ አንድ ሌሊት እንኳ እንዳያሳድር አስጠንቅቆት ነበር።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ግራው መደንዘዝ ከጀመረ ይኸው ሁለት ወሩ።

ለሚስቱ ሊነግራት አፉ አልታዘዘው አለ። በመጀመሪያው ጊዜ ሦስት ወር ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቶ፣ ያጎረሰችውን እየተፋ፣ ያላደረጋት ነገር አልነበረም። ያን ሁሉ ታግሣ አስነሳችው። ደግሞ ልድገምልሽ ይበላት? መኪናውን የሚረግጥበት እግር ከሄደስ እሱ ማን ሊባል ነው? ሆድ ይፍጀው አለና ዝም አለ።

ሰፊ ግን ሳይለካ አያድርም። ጠዋት ጠዋት ሚስቱ ልትታጠብ ስትገባ በር ዘግቶ የስፒሉን ጫፍ ከቁርጭምጭሚቱ ወደ ላይ እየነካካ ይሄዳል። የተሰማው ቦታ ሲደርስ ሜትሩን ከወለሉ ወደ ላይ ይዘረጋና ቁጥሩን የደንበኞች ልክ የሚጻፍበት ደብተር የመጨረሻ ገጽ ላይ ያሰፍራል። ስም የለውም፣ «ግራ» ብቻ ነው የሚለው። ሰባት። ዘጠኝ። አሥራ ሁለት። አሥራ ስድስት። ሃያ ከገባ እነግራታለሁ ብሎ ለራሱ ማለ።

ወይ የሰው ሞኝነት! ቆራጯ ሚስቱ፣ ጨርቅ የምትቆርጠውም ከዚያው ደብተር እያየች፤ እሱ ግን የመጨረሻውን ገጽ ማንም የማይከፍተው መሰለው። አንድ ቀን እየሳቀች ይሄ በየሳምንቱ የሚያድገው ደንበኛ የማን ልጅ ነው፣ ምን ቢያበሉት ነው አለችው። የአንድ ወዳጄ ልጅ ነው አለና እሱም ሳቀ፣ ከአንገት በላይ።

ከዚያ ቁጥሩ አሥራ ዘጠኝ ገባ። በማግስቱም አሥራ ዘጠኝ። በሳልስቱም። ለደንበኛ ግማሽ ሳንቲ ሸውዶ የማያውቅ ሰው፣ አውራ ጣቱ እስኪነጣ ስፒሉን እየተጫነ «ተሰማኝ» ይል ጀመር። ዘጠኝ ቀን እንዲሁ ጻፈ። መኪናው ግን አይዋሽለትም፤ እግሩ ፔዳሉ ላይ መኖሩን ለማወቅ ጎንበስ ብሎ ማየት ነበረበትና ድምፁ ሄድ ቆም፣ ሄድ ቆም ይላል። ሚስቱ ስትቆርጥ የምታንጎራጉረውን ዜማ ተወች። መኪናው ሲቆም መቀሷም ቆም እንደሚል ልብ አለ።

በዐሥረኛው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ከዚያች ስፒል ወዲህ እንደ ልማዷ፣ የወደቀ መርፌ ልትለቅም ማግኔቷን ይዛ ከመኪናው ጠረጴዛ ሥር ተቀመጠች። እሱ የኮት እጅጌ እየገጠመ ነበር፣ ዓይኑን ከስፌቱ አልነቀለም።

«ልጁ እንዴት ነው?» አለችው።

«ደህና ነው።»

«ማደግ አቆመ እኮ። አሥራ ዘጠኝ ላይ ቀረ።»

«ልጅ እንዲህ ነው። ቆም ይልና ደግሞ ይመዘዛል።»

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል ሰምቶ ያውቅ እንደሆነ ጠየቀችው፣ ቀስ ብላ፣ ልጅ እንደሚያባብል ሰው። ያን ጊዜ ዝቅ ብሎ አየ።

ሱሪው እስከ ጉልበቱ ተጠቅልሏል። ቅልጥሙ ላይ በልብስ ጠመኔ የተሰመሩ ሰማያዊ መስመሮች አሉ፤ አንዱ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ፣ አንዱ አጋማሹ ላይ፣ አንዱ ከዚያ ከፍ ብሎ። አራተኛውን ከጉልበቱ ሥር እያሰመረች ነበር። ወፍራም ካፖርት ላይ እንደሚሰመር ጠመኔውን ተጭናዋለች። እጇን ያየዋል፣ አይሰማውም።

መኪናው ቆመ። «ፈርቼ ነው» አላት።

«እኔም ፈርቻለሁ» አለችው። ሜትሩን ዘርግታ ለካች፤ ሠላሳ ስምንት። ደብተሩን ሳብ አድርጋ ከአሥራ ዘጠኞቹ ሥር ጻፈችው፣ ስም የሌለው ገጽ አናት ላይም የባሏን ስም ጻፈችበት። ከዚያ የጫማውን ማሰሪያ ፈታች። ስትስበው እንኳ አልታወቀውም። ጫማውን ወደ ፊቷ አስጠጋችና እንደያዘችው ቀረች።

«ምን ሸተተሽ?» አላት።

«ተነስ» አለችው። «ታክሲ ልጥራ።»