ደህና ይይዘኛል

ትራሶን ዕጣ ወጥቶለት የአቴና ገበያ ሹም ሊሆን ነው። ሹመቱ የሚጸናው ግን ሸንጎ ፊት ተጠይቆ ሲያልፍ ነው። በሰፈሩ እንደ እሱ አማልክትን የሚፈራ የለም ይባላል። ራሱም ይህን ማለት ያበዛል።

«የቤትህ የዜውስ መሠዊያ የት ነው?» አለው ጠያቂው።

«ግቢዬ ውስጥ። በየማለዳው በገዛ እጄ አጥበዋለሁ።»

«አማልክትን መፍራት ምን እንደሆነ ታውቃለህ በለኛ!»

«እነሱ የሚወዱትን ማድረግ ነው።»

«የሚወዱትን ማን ነገረህ? እራት ጠርተውህ ነው?»

ሸንጎው ሳቀ። ትራሶንም አብሮ ሳቀ።

«ይሁን። አባትህን ደህና ትይዛለህ?»

«እይዛለሁ።»

«የሚከሰው ካለ ይነሳ።»

ከኋላ ምርኩዝ ወለሉን መታ። ትራሶን ሳይዞር አወቀው። አባቱ ሚኮን ነው። ሽማግሌው ሽንቱ አልቆም ካለው ወዲህ ትራሶን «መሠዊያው ይረክሳል» ብሎ ከግቢው አውጥቶ ፍየሎቹ በረት አስተኝቶታል። ብርዱንም ዝናቡንም እዚያው አሳለፈው። ዛሬ እንዳይመጣም ነግሮት ነበር። አሁን አንዲት ቃል ቢተነፍስ፣ ትራሶን ሹመቱ ቀርቶ ከሰው እኩል መቆም አይችልም።

«አባቱ ነኝ» አለ ሚኮን። «ደህና ይይዘኛል። የጎደለኝ የለም።»

አጠገቡ የተቀመጠው ሸክላ ሠሪ አፍንጫውን ያዘ። «አባባ፣ የመጡት ፍየል አቅፈው ነው እንዴ?»

«ምን ላድርግ፣ ፍየል ይወደኛል።»

ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። ትራሶን ዞረ። አባቱ ትከሻ ላይ ገለባ ተጣብቋል። ሁሉም ገለባውን እንዳየ አወቀ። ከሳሽ ስላልተገኘ ለድምፅ እጆች ወጡ፤ ሹመቱ ጸና። እንኳን ደስ አለህ ያለው አልነበረም።

አብረው ቤት ደረሱ። ሚኮን እንደ ልማዱ ወደ በረቱ ታጠፈ።

«አባባ፣ ወደ ቤት ግባ።»

«ተው ልጄ፣ ልብሴ እርጥብ ነው። መሠዊያውን አረክስብሃለሁ።»

«ግዴለም።»

«እንዴት ግዴለም? አማልክት የሚወዱትን የምታውቀው አንተ ነህ።»

ሽሙጥ አልነበረበትም። ሽሙጥ ቢሆን ይሻለው ነበር። ትራሶን ቀና ብሎ ሊያየው አልቻለም። የታየው የአባቱ እግር ነው፤ ጭቃና የፍየል በጠጥ ደርቆበታል።

ገብቶ መሠዊያውን የሚያጥብበትን ማሰሮ አነሳ። ውሃ ሞልቶት ወደ በረቱ ሄደና አባቱ እግር ሥር ተንበረከከ።

ሽማግሌው ደንግጦ እግሩን ሰበሰበ።

«ይሄ እኮ የዜውስ ማሰሮ ነው! ልጄ፣ ሰው ሳያይህ መልሰው።»