ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ያለው ጫካ

«የአባትሽ አፈር ሳይደርቅ ልትወጪ ነው?» የሟቹ እኅት በሩ ላይ ተገትራ ቆመች።

«ዛሬ አባቴ ጫካ ውስጥ ማሽን ይገባል እኮ፣ እትዬ!» አለች የሟቹ ልጅ።

ለቀስተኛው ሻዩን እንደያዘ ወደ በሩ ዞረ። ወሬውን ያመጣው የዩኒቨርሲቲው ግቢ ኃላፊ ነው። «ያጽናሽ» ሊላት መጥቶ ጆሮዋ ሥር ጎንበስ አለና ነገራት፤ ባለፈው ወር አንድ ተማሪ ከጫካው ፍሬ በልቶ ሆስፒታል ገብቷል፤ ስለዚህ ጫካው ይመነጠራል። ሰውዬው ቢያንስ ሣልስቱ እስኪወጣ አፉን ቢይዝ ምን ነበረበት!

አባቷ የግቢው አትክልተኛ ነበር። ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ቆሻሻ የሚጣልበትን ሜዳ አጽድቶ፣ በየገጠሩ ዞሮ የለቀመውን የአገር በቀል ፍሬ ዘር ተከለበት። በአሥራ ሁለት ዓመት ሜዳው የሚበላ ጫካ ወጣው፤ የራበው ተማሪ ሁሉ እየገባ ይለቅም ጀመር። ሴት ልጁ ግን ጫካውን አባቷን እንደ ነጠቀቻት እንጀራ እናት ነበር የምታየው። በቅርቡ ደውሎ «ነይና ዛፎቹን ላሳውቅሽ፤ እኔ እንደሆንኩ ዛሬ ነገ ነኝ» ቢላት፣ «ለዛፎችህ ንገራቸው» ብላ ስልኩን ዘጋችበት። ከዚያ ወዲህ ድምፁን አልሰማችም።

ጫካው ጋ ስትደርስ ማሽኑ ከአጥሩ ሥር ያጓራል፤ ኃላፊው ቀድሟት ደርሷል።

«ጋሼ፣ የሚበላው ፍሬ መርዝ አይደለም። ተማሪው የበላው ሌላውን፣ እሱን የሚመስለውን ነው።»

ኃላፊው ጎን ለጎን የቆሙትን ሁለት ቁጥቋጦዎች አየ። የሁለቱም ፍሬ ጥቁር፣ የሁለቱም ቅጠል አንድ ዓይነት ነው። «ታዲያ አባትሽ ለምን ምልክት አላደረጉበትም?»

አባቷ ሰሌዳ ይንቅ ነበር። «ሰው አፍንጫ አለው» ይላል፤ ልጅ ሳለችም ያስተማራት ይህንኑ ነው፦ ቅጠሉን ጨፍልቀሽ አሽትቺው፤ ሎሚ ሎሚ ከሸተተሽ ብዪ፣ ካልሸተተሽ እጅሽን ታጠቢ።

ከአንዱ ቅጠል ቀጥፋ ጨፈለቀች። ምንም አይሸትም። ከሌላውም ሞከረች፤ ያው ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ስታለቅስ አፍንጫዋ ተደፍኗል።

«ሐዘን ላይ ነሽ፣ ልጄ። ቤትሽ ግቢ» ብሎ ኃላፊው ለሹፌሩ ምልክት ሊሰጥ እጁን አነሳ።

ቅጠሎቹን አፍንጫው ሥር ደቀነችበት። «እርስዎ ያሽትቱልኝ!»

ተቀብሎ አሸተተ። «ይሄኛው ምንም። ይሄኛው… ሎሚ ነገር ነው።»

ከባለ ሎሚው አንድ እፍኝ ሸመጠጠች። «ኧረ ተይ!» ከማለቱ አፏ ውስጥ ጨመረችው፤ አላምጣም ዋጠች።

«ያንን ንቀሉት፣ ይሄን ተዉልኝ። ሰሌዳውን እኔ እጽፋለሁ። አባቴ እዚህ ላይ ተሳስቷል።»

ኃላፊው ትወድቅ እንደሆን የሚጠብቅ ይመስል አፍጥጦ ቆየ። አልወደቀችም።

«ሞተሩን አጥፋው!» አለ ወደ ሹፌሩ ዞሮ። «ትእዛዙን የፈረምኩት እኔ ነኝ፣ የማነሳውም እኔ ነኝ።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ለመሆኑ ይጣፍጣል?»

«እኔ እንጃ» አለች፤ አሁን እንባዋ መጣ። «አፌም አይቀምስልኝም።»

ባለ ሎሚውን ቅጠል ከእጁ ተቀበለችው፤ እንደገና ጨፍልቃ አፍንጫዋ ላይ ለጠፈችው። አሁንም ምንም አልሸተታትም። ዓይኗን ጨፍና ሳበች፣ ደግማ ሳበች።