ከስድስት እስከ ዘጠኝ

እኔ መቼም ትዕግሥት የለኝም፣ የማያውቅብኝ የለም። ግን እስቲ ፍረዱኝ። የነዳጅ ጉድጓድ ውስጥ ምን ያህል እንደቀረና ስንት ዓመት እንደሚያወጣ መገመት የማሠለጥናቸው ስምንት ኢንጂነሮች አሉኝ። አንድ ነገር ሦስቴ፣ ኧረ አራቴ ነግሬያቸዋለሁ፦ ጉድጓድ ለጥገና ተዘግቶ ሲከፈት ግፊት አጠራቅሞ ስለሚቆይ ለጥቂት ሳምንታት ይንፎለፎላል። እሱን አይታችሁ እንዳትታለሉ፣ ያረፈ ሰው ጉልበት ነው፣ ይወርዳል።

ዛሬ የመጨረሻውን መልመጃ አየሁት። ስምንቱም የግምት መስመራቸውን ያሰመሩት በእነዚያ ሳምንታት ላይ ነው። ስምንቱም "ሃያ ዓመት" ብለዋል። እኔ ሳሰላው ቢያንስ ስድስት፣ ቢበዛ ዘጠኝ ነው። አንዱ ቢሳሳት ይገባኛል፤ ስምንት ሰው እንዴት አንድ ዓይነት ስህተት ይሳሳታል?

"ምን ነክቷችሁ ነው?" ብዬ ጮህኩ።

መነጽሮ የምንለው ልጅ ጉሮሮውን ጠራረገ።

"የድርጅቱ ኃላፊ ትናንት በሻይ ሰዓት መጥተው ነበር። ከሃያ ዓመት በታች ያወጣ ቅጥር አይጠብቅ አሉን።"

"እና?"

"እና... ሃያ ወጣ።"

ደሜ ፈላ። ነገሩ የፈተና ውጤት ብቻ ቢሆን ባልተንገበገብኩ። ለመልመጃ የሰጠኋቸው የነዳጅ መስክ ታላቅ ወንድሜ፣ ጋሼ፣ በሹፌርነት የሚሠራበት ነው። አባታችን ከሞተ በኋላ ያሳደገኝ እሱ ነው። ከተማ ያለውን ቤቱን ሸጦ ሚስቱንና ልጆቹን ወደ መስኩ ጠቅልሎ ሊወስድ ሲነሳ፣ "ቆይ፣ የተማሪዎቼ ግምት ይውጣ፣ እነሱ አይዋሹም" ያልኩት እኔ ነኝ። በዚህ አፌ!

ሳላንኳኳ ኃላፊው ቢሮ ገባሁ።

"ይሄ ሃያ የሚሉት ነገር አሁኑኑ ይስተካከል!"

"አይዞሽ፣ ተቀመጪ" አለኝ። ቤት ቢቃጠልም አይዞሽ ነው የሚለው። "ትናንትናውኑ ከልጆቹ ተቀብዬ ልኬዋለሁ። መስኩ ላይ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጥፏል፣ ሠራተኛው እንዴት ደስ እንዳለው! ያሠለጠነቻቸው እሷ ናት ብለን ስምሽንም ጽፈንልሻል።"

"ውሸት ነው እኮ!"

"እኔ መች አሰላሁ? ያስተማርሽው አንቺ፣ ያሰሉት እነሱ።"

በሩን ደርግሜ ወጣሁና ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ለጋሼ ደወልኩ።

"እሰይ እህቴ!" አለ ገና ሳልተነፍስ። "ትናንት ሰሌዳው ላይ ስምሽን ሳይ ሰው ሁሉ እየጠራሁ አሳየሁ። ሌሊቱን ነድቼ ከተማ ገባሁ። የቤቱ ገዢ ሲጠብቀኝ ነበር፣ ጠዋት ውሉን ፈረምኩ። ሚስቴ ዕቃ እያሰረች ነው።"

"ጋሼ፣ ሃያ አይደለም።"

"እ?"

"ከስድስት እስከ ዘጠኝ ነው። ሃያው ውሸት ነው።"

ከጀርባው የካርቶን ማሸጊያ ፕላስተር ሲላጥ ይሰማኛል።

"ተማሪዎቼ አይዋሹም አላልሽኝም?"

"ብዬሃለሁ።"

ቢሰድበኝ በወደድኩ።

"በይ እንግዲህ" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ለሚስቴ ዘጠኙን ንገሪያት። ስድስቱን ተይው።"

"ጋሼ፣ እኔ እንዲህ ያለ ነገር..." ብዬ ሳልጨርስ ስልኩን ለሚስቱ አቀበላት።

"እህትዬ" አለች። ዕቃ ስታነሳ ስለቆየች ታለከልካለች፣ ግን ደስ ብሏታል። "ወንድምሽ አንዴ ሃያ ይለኛል፣ አሁን ደግሞ ዝም ይለኛል። እስቲ የተማርሽው አንቺ ንገሪኝ፣ ስንት ዓመት እንቀመጣለን?"

ስምንቱም ተማሪዎቼ በክፍሉ የመስታወት በር አንገታቸውን አስግገው ያዩኛል።

"ዘጠኝ" አልኳት።