ሦስተኛው ቆጠራ

እትዬ ቫና በጣሊያኗ ከተማ በፊሬንዜ ገበያ የዜሮን ነገር ሳያወሩ ጎመን አይገዙም። «ፕራቶ ከተማ ውስጥ አንዱ ሞኝ ደብተሩ ላይ ዜሮ ጻፈ። ሌባው ጭራ ቀጠለላትና ስድስት አደረጋት። ሰውዬው ቤቱን ተበላ!» ባለፈው ሳምንት የተበላው ጎጆ ነበር፤ ዛሬ ፎቅ ሆኗል። እስከ ፋሲካ የደወል ቤት ሳይጨመርበት አይቀርም።

የገንዘብ መንዛሪዎች ማኅበርም እንደሳቸው ፈርቶ ዜሮ ያለበትን የዐረብ ቁጥር ከደብተር ከልክሏል። የሚጻፈው በሮማ ቁጥር ብቻ ነው። እኔ ቴሳ ግን የዐረቡን ማንም ሳያስተምረኝ ቁንዶ በርበሬ ከተጠቀለለበት ወረቀት ለቅሜዋለሁ። አባቴ ገበያው ውስጥ የምንዛሪ ጠረጴዛ አለው፤ ዓይኑ ስለደከመ የዓመቱን ደብተር የጻፍኩት እኔ ነኝ። ደብተሩ ላይ በሮማ እጽፋለሁ፤ ድምሩን ምድጃ አጠገብ አመድ ላይ በዐረብ ሠርቼ አመዱን እበትናለሁ።

አባዬ ቁርጡን ነግሮኛል። «የማኅበሩ መርማሪ ደብተሩን ካተመልሽ ብዕሩ ያንቺ ነው። ካላተመው ለኑቶ እሰጠዋለሁ።» ኑቶ የአጎቴ ልጅ ነው፤ የራሱን ጣቶች ሲቆጥር አሥራ አንድ ይደርሳል።

መርማሪው ሰር ላፖ የመቁጠሪያ ጠጠሮቹንና መስመር የተሰመረበትን ሰሌዳ ይዞ መጣ።

«ማነው የጻፈው?»

«እኔ ነኝ፣ ጌታዬ።»

«አንቺ? ጥልፉን ታዲያ ማን ይጠልፍልሻል?»

«ኑቶ። እጁ ከኔ ይሻላል።»

ኑቶ ቀላ። አባዬ ሳቁን በሳል ሸፈነው።

ሰር ላፖ መስመር በመስመር ጠጠር ደረደረ። «ሺ አራት መቶ አሥራ ሦስት ሊራ። አንቺ የጻፍሽው ሺ ሦስት መቶ ዘጠና አራት። ድሮስ ከሴት!»

«ጌታዬ፣ ቅድም በክርንዎ አንድ ጠጠር አልገፉም?»

እውነቱን ለመናገር ሲገፋ አላየሁም። ግን የሱ ክርን የማይገፋው ነገር የለም።

ጠረጠረ። እንደገና ቆጠረ፤ ሺ ሁለት መቶ አርባ ሆነ። አሁን ራሱንም ጠረጠረ። ጥሩ ቂጣና ወይን አቀረብኩለት፤ ቂጣውን ትቶ ወይኑን ጨረሰ። ሦስተኛውን ቆጠራ ጀመረ። ኑቶ ብዕሬን አንስቶ ጆሮውን ይኮረኩርበታል።

«ሺ ሦስት መቶ...» አለ ሰር ላፖ፤ ግሣቱን ጨረሰና «ዘጠና አራት።»

«እኔስ ምን አልኩ?»

«ምላስሽ ይቆረጥ!» አለና ማኅተሙን አሳረፈ። «ከማን ተማርሽ?»

«ከቁንዶ በርበሬ።»

ቀልድ መስሎት ሳቀ።

ብዕሩ አሥራ አንድ ዓመት በእጄ ኖረ። ኑቶ ቆዳ ፋቂዎች ዘንድ ገብቶ ደህና ሰው ወጣው። አባዬ ሲሞት ጠረጴዛው ተሸጠ፤ እኔም ለጄኖቫ ነጋዴዎች ደብተር መያዝ ጀመርኩ። እነሱ እያንዳንዱን ነገር ሁለት ጊዜ ይጽፋሉ፤ አንዴ በሰጪው በኩል፣ አንዴ በተቀባዩ በኩል። ሁለቱ ወገኖች እኩል ካልመጡ አንድ ቦታ ስህተት አለ ማለት ነው።

«ይሄ ለደካሞች ነው፤» አልኳቸው። እንደማያስፈልገኝ ላሳያቸው ብዬ ያንን ማኅተም ያረፈበትን ደብተር አውጥቼ በሁለት ወገን ሠራሁት።

እኩል አልመጣም። የአንድ ሱፍ ነጋዴ አሥራ ዘጠኝ ሊራ ሳልደምር ዘልዬዋለሁ። ሰር ላፖ ከተቀበረ ሁለት ዓመት ሆኖታል። የመጀመሪያው ቆጠራው ልክ ነበር።