የላላ ልክ

ሱሃይላ ኮምፒዩተሯን ስትከፍት፣ ትናንት ማምሻውን ቀይ እንደሆነ ትታው የሄደችው መስመር አረንጓዴ ሆኖ ጠበቃት። ከላይ እስከ ታች እንከን የሌለው አረንጓዴ። ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ ቆማ አየችው። ደስ ሊላት በተገባ ነበር፤ ነገር ግን ቀይ መስመር የሰው እጅ ሳይነካው በራሱ እንደማይድን ታውቃለች። ምድር ቤት ካለው የጎማ ጥገና ቤት ኮምፕረሰሩ መጮህ ሲጀምር የመስኮቱን መስታወት አንቀጠቀጠው። የአዳማ ሙቀት ገና በጠዋቱ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል።

ያ መስመር «ጠብታ» የተባለው ሶፍትዌራቸው ከሚያልፍባቸው ፍተሻዎች አንዱ ነው፤ ስሌቱ ከተሳሳተ ይቀላል፣ ልክ ከሆነ አረንጓዴ ይሆናል። ጠብታ የውሃን ኬሚስትሪ ያሰላል። የጉድጓዱን የላቦራቶሪ ውጤት ይሰጡታል፤ እሱ ደግሞ ውሃው ውስጥ ያለው ፍሎራይድ በየትኛው ማጣሪያ ምን ያህል እንደሚቀንስ፣ ማጣሪያውም መቼ መለወጥ እንዳለበት ይናገራል። ሱሃይላና ያደታ ተማሪ ሳሉ ነው የጀመሩት። ኮዱን ለሁሉ ክፍት አድርገው ለቀቁት፤ የፈለገ ያነበዋል፣ የፈለገ ያርመዋል፣ የቸገረው ያለ ክፍያ ወስዶ ይሠራበታል። ዛሬ በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ያሉ የውሃ ባለሙያዎች ይጠቀሙበታል፤ ከኬንያ ድረስ ጥያቄ የሚልኩ አሉ። ሁለተኛው ስሪት ዛሬ ከሰዓት፣ እንግዶች በተጠሩበት አዳራሽ ሊለቀቅ ነው።

ቀይ የነበረው ፍተሻ የቡርቃ ዲማ ነበር። ቡርቃ ዲማ ከወለንጪቲ አለፍ ብላ ያለች መንደር ናት፤ ጉድጓዷ ሙቅ ነው፣ ሶዳም ይበዛበታል። ሶዳው ማጣሪያው ላይ ከፍሎራይዱ ጋር ቦታ ይሻማል፤ ስለዚህ እዚያ ማጣሪያው ቶሎ ይደክማል። የመጀመሪያው ስሪት ይህን ያውቅ ነበር። ሁለተኛውን ፈጣን ለማድረግ ስሌቱን ሲያሳጥሩት ግን ሶዳው ተረሳ። ፕሮግራሙ በበጋ ሊለወጥ የሚገባውን ማጣሪያ ክረምቱን ይሻገራል ብሎ ይመልስ ጀመር። ሱሃይላ ሳምንቱን ሙሉ የታገለችው ከዚህ ጋር ነበር።

ፍተሻውን ከፈተችው። ስሌቱ እንዳለ ነው፤ አንድ ፊደል አልተነካም። የተነካው ልኩ ነው። ፕሮግራሙ ከእውነተኛው ውጤት ጥቂት እንኳ ቢርቅ እንዲጮህ ተደርጎ የነበረው፣ አሁን በግማሽ ቢሳሳት እንኳ ዝም እንዲል ሆኗል። ያደታ ሥራውን አልደበቀም። ስሙ ከጎኑ አለ፤ አጭር ማስታወሻም ጽፎበታል፦ «ለጊዜው ላላ።»

ቦርሳዋን ከትከሻዋ አውርዳ ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው።

ያደታ ሲገባ ሱፍ ለብሶ፣ ለአዳራሹ የታተመውን ባነር ተሸክሞ ነበር። ፊቷን ሲያይ ባነሩን በቀስታ ግድግዳው ላይ አስደገፈ። ቁጣዋን ጠብቆት እንደነበር ያስታውቃል፤ የሚለውን አዘጋጅቶ መጥቷል። ምርቃቱ ሁለት ጊዜ ተራዝሟል፤ ሦስተኛ ጊዜ ቢራዘም የሚያምናቸው አይኖርም። ስህተቱን በሁለት ሳምንት አርመው ማስተካከያ ይለቃሉ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ደግሞ ማጣሪያ የሚለውጥ የለም። ይህን ሁሉ በዝግታ፣ ልጅ እንደሚያባብል ሰው ነገራት።

«እንዲያልፍ አላደረግከውም» አለችው። «እንዳናየው ነው ያደረግከን።»

የትኛው የወረዳ ኮምፒዩተር ነው ማስተካከያ የሚያወርደው ብላ ጠየቀችው። አብዛኞቹ ኢንተርኔት የላቸውም። በፍላሽ እየዞረች የጫነችላቸው ራሷ ናት፤ አንዴ የተጫነው እዚያው ለዓመታት እንደሚቀመጥ እሱም ያውቃል። ያደታ አንገቱን ደፍቶ ሰማት። ቀና ሲል ድምፁ ተለውጦ ነበር።

«ከዚያ ሁሉ ጉድጓድ አልስተካከል ያለው አንዱ ነው። እሱንም ብቻሽን ነው የለካሽው። የተሳሳትሽው አንቺ ብትሆኚስ?»

ይህ ያልጠበቀችው ቦታ ላይ አረፈ። ሲጀምሩ የተስማሙበት ሕግ ነበራቸው፤ ሁለቱም ካላጸደቁት አዲስ ስሪት አይለቀቅም። የእሱ ማጽደቂያ ተሰጥቷል፤ የእሷ ይቀራል። ያደታ ወደ ኮምፒዩተሯ በአገጩ አመለከተ። ሱሃይላ የፍሎራይድ መለኪያዋን ከመሳቢያ አውጥታ፣ በመመዘኛው ፈሳሽ ፈትሻ አስተካከለችና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ወዴት ነሽ ሲላት ደረጃውን እየወረደች ነበር።

ከመናኸሪያው የወለንጪቲ ሚኒባስ ያዘች። መንገዱን ወደ ጅቡቲ የሚወርዱ ኮንቴይነር የጫኑ መኪኖች ሞልተውታል፤ ሚኒባሱ ከአንዱ ጀርባ ወጥቶ ከሌላው ጀርባ ይገባል። መስኮቱን ከፈተች፤ የገባው ነፋስ የምድጃ ነበር። ብሳሳትስ? የሚለው ሐሳብ እስከ ግማሽ መንገድ ድረስ አብሯት ተጓዘ። ከዚያ እናቷ ትዝ አለቻት። እናቷ ሰው ሲጠራት አንገቷን ማዞር አትችልም፤ መላ ሰውነቷን ይዛ ነው የምትዞረው። ይህን ያመጣባት ዕድሜ እንዳልሆነ ሱሃይላ የገባት ዩኒቨርሲቲ ገብታ ስለ ፍሎራይድ ስታነብ ነው። ውሃው ነው። ጣዕም የለው፣ ሽታ የለው። መጀመሪያ የልጆችን ጥርስ ያበልዛል፤ ከዚያ ዓመታት ወስዶ አጥንት ውስጥ ይገባል፤ ከገባ በኋላ የሚያስወጣው የለም። ያደታ ይህን ያውቃል። እናቷ ቤት ስንት ጊዜ በልቶ ጠጥቷል። ልኩን ሲያላላ የማንን አንገት እያሰበ ነበር? ይበልጥ ያናደዳት ምንም ሳያስብ አላልቶት ሊሆን እንደሚችል ማወቋ ነው።

ከወለንጪቲ በባጃጅ ቡርቃ ዲማ ስትደርስ ቦኖው ላይ ሰልፍ ነበር። ቢጫ ጀሪካኖች በተርታ ተደርድረዋል፤ ሴቶቹ የግራሩ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። ውሃውን የሚያስቀዱት አደ ጋዲሴ ገና ከሩቅ ለዩዋት። በኦሮምኛ ስለ እናቷ፣ ስለ ጤናዋ፣ ስለ ሥራዋ ጠየቋት፤ እሷም ሁሉንም መለሰች፤ ችኮላዋን ግን መደበቅ አልቻለችም።

በመጀመሪያ በቀጥታ ከጉድጓዱ የሚመጣውን ለካች። ባለፈው ከለካችው ጋር አንድ ነው። አልተሳሳተችም። ትከሻዋ ላይ የነበረው ጭነት ሲወርድ ተሰማት፤ ግን ለአፍታ ነበር። ከቦኖው፣ በማጣሪያው ካለፈው ውሃ ቀድታ ስትለካ ቁጥሩ ሊወርድ ሲገባው አልወረደም። መለኪያውን አጥባ ደገመችው። ያው ነው። ማጣሪያው ውስጥ የሚገባውና ከማጣሪያው የሚወጣው ውሃ ልዩነት የለውም ማለት ይቻላል።

ማጣሪያው ውስጥ ያለው፣ ፍሎራይዱን የሚይዘው የአጥንት ከሰል መቼ እንደተለወጠ ጠየቀች።

አደ ጋዲሴ ከቦኖው አጠገብ ወዳለችው ትንሽ መጋዘን ደጃፍ ወሰዷትና በሩን ከፈቱላት። አዲስ ከሰል የሞላባቸው ማዳበሪያዎች አፋቸው እንደተሰፋ ተደርድረው ተቀምጠዋል። ከበልጉ በፊት ሊለውጡት ተነስተው እንደነበር ነገሯት። ያን ሰሞን ያደታ በመኪና መጣ፤ ሊመረቅ ያለውን አዲሱን ፕሮግራም በሙከራ ይዞላቸው መጣ። ኮምፒዩተሩን ከፍቶ አሳያቸው። የድሮው አላግባብ ያስቸኩላችሁ ነበር፣ አዲሱ እስከ መስከረም ይቆያል ይላል፣ ድካማችሁንም ከሰላችሁንም ቆጥቡ አላቸው። እነሱም አመሰገኑት።

ሱሃይላ ማዳበሪያዎቹን እያየች ቆመች። ቢሮ ሆና ስትጣላ የነበረው ገና ሊመጣ ስላለ ጥፋት ነበር። ጥፋቱ ግን መጥቶ፣ እዚህ ተቀምጦ፣ በጀሪካን እየተቀዳ ወደየቤቱ ሲገባ ወራት አልፈውታል። ጠዋት ያንገበገባት ንዴት አሁን ቀዝቅዞ ደረቷ ውስጥ እንደ ድንጋይ ተቀመጠ።

«እንግዲህ ንገሪኝ» አሉ አደ ጋዲሴ። «ከበልግ ወዲህ ልጆቹ ሲጠጡ የከረሙት ምንድን ነው?»

ማለስለሻ ቃል ፈለገች። ወዲያው ደግሞ መፈለጓን ጠላችው።

«ማጣሪያ እንደሌለ ይቁጠሩት» አለች።

አደ ጋዲሴ ከመቀነታቸው ቁልፉን ፈትተው ወደ ቦኖው ሄዱና ዘጉት። ጀሪካኗ እኩሌታ ላይ የቀረባት ወጣት ሴት ቀና ብላ አየቻቸው። ወሬው በሰልፉ ውስጥ ሲያልፍ ሴቶቹ ከጥላው ተነሱ። የጮኸ የለም። አንዷ ግን ሱሃይላ ፊት ለፊት መጥታ ቆመች፤ ያዘለችው ሕፃን እንቅልፍ ወስዶታል።

«እኛ ኮምፒዩተር አምጡልን አላልንም» አለች። «ከሰሉን በጊዜው እንለውጥ ነበር። ተዉ ያላችሁን እናንተ ናችሁ።»

ሱሃይላ እኔ አይደለሁም ልትል ነበር፤ ተወችው። ፕሮግራሙ ላይ ስሟ ከያደታ ስም ጎን ነው ያለው።

የመጋዘኗ ግድግዳ ሥር ቁጢጥ ብላ ስልኳን አወጣች። የጠብታ ሥራ በሙሉ ለሕዝብ በሚታይበት ገጽ ላይ ጻፈች፤ የመንደሩን ስም፣ የለካችውን፣ ልኩ እንደላላ፣ የሙከራው ስሪት ሙቅና ሶዳ የበዛበት ውሃ ላይ እንዳይታመን፣ የተጠቀመበት ሁሉ ማጣሪያውን ዛሬውኑ እንዲፈትሽ። እሷም እንደማታጸድቀው። ኔትወርኩ ጥቂት አንገላታት። ከዚያ ሄደ።

ስልኩ ወዲያው ይጠራ ጀመር። አላነሳችውም። እጅጌዋን ሰብስባ፣ አደ ጋዲሴንና ሌሎች ሁለት ሴቶችን ተከትላ ወደ ማጣሪያው በርሜል ወጣች። ክዳኑን አንስተው የሞተውን ከሰል በአካፋ መዛቅ ጀመሩ። እርጥቡ ከሰል ከባድ ነው፤ ፀሐዩ ጀርባቸው ላይ ነበር። ማንም አላወራትም፤ ሂጂ ያላትም የለም።

የያደታ መኪና አቧራውን እየጎተተ ሲደርስ አዳራሹ ውስጥ እንግዶች ተቀምጠው የሚጠብቁበት ሰዓት ነበር። ከመኪናው ሲወርድ ፊቱ ተለዋውጧል። ለዓለም ሁሉ ከመናገርሽ በፊት ለእኔ አትነግሪኝም ነበር ወይ አላት፤ የተጋበዘው ሰው ሁሉ ስልኩ ላይ እያነበበው ነው፣ እንዴት እንዲህ ታዋርጂኛለሽ አለ።

«ጠዋት ነግሬሃለሁ» አለችው ከበርሜሉ ላይ ሆና። እስከ ክርኗ ጠቁራለች። «ብቻሽን ነው የለካሽው አልክ አይደል? ቦርሳዬ እዚያ አለ። አንተ ለካው።»

ሊመልስ ነበር፤ ግን ሴቶቹ እያዩት ነው። ቦርሳዋን ከፈተ። በሱፉ ተንበርክኮ፣ እኩሌታ ላይ ከቀረው ጀሪካን በብርጭቆ ቀድቶ ለካ። ውጤቱን አየ። ውሃውን ደፋ፣ እንደገና ቀዳ፣ እንደገና ለካ። ሱሃይላ አካፋውን ተመርኩዛ ከላይ ታየው ነበር። ሲሸነፍ ማየት ደስ የሚላት መስሏት ነበር። ያደታ ተንበርክኮ ከቆየበት ሳይነሳ ወደ መጋዘኗ ክፍት በር ተመለከተ፤ ያልተፈቱትን ማዳበሪያዎች አያቸው። ብርጭቆው እጁ ላይ ዘመመ።

ወርዳ አጠገቡ ስትቆም፣ ሌሎቹ እንዳይሰሙ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እዚህ ብቻ አይደለም» አለ። «ለሌሎችም ሰጥቻለሁ።»

«ለእነማን?»

«መንደሮቹን ልንገርሽ፤ በስልክ ማስጠንቀቅ እንጀምራለን፤ አንቺ ወዲህ ያሉትን፣ እኔ...»

«እንጀምራለን» አለች። ቁጣዋ አሁንም እንዳለ ነው። «መጀመሪያ ግን ለእኔ አይደለም የምትናገረው። እስከ መስከረም ይቆያል ያልካቸው እነሱ ናቸው።»

ያደታ ተነሳ። ጉልበቱ ላይ ጭቃ ተለጥፏል፤ አላራገፈውም። ሴቶቹ ዙሪያውን ሰብሰብ ብለው ቆመዋል፤ ጀሪካኖቹ ባዶ ስለሆኑ ነፋሱ እያጋጨ ያንኳኳቸዋል። ኪሱ ውስጥ ስልኩ ጮኸ፤ ሳያየው አጠፋው። እናት አባቱ ባሳደጉበት ቋንቋ፣ በኦሮምኛ፣ አንድ ቃል ጀመረና አቆመ። ሕፃን ያዘለችው ሴት ጥቂት ጠበቀችው። ከዚያ ፊቷ ያለውን ጀሪካን በእግሯ ገፋ አድርጋ፣ መሀል ላይ ቆሞ የሚናገርበት ቦታ ለቀቀችለት።