ብርድ አይወድም የተባለው ፒክአፕ

መኪና ያለ ምክንያት እንቢ አይልም። ያለ ምክንያት የሚያኮርፈው ሰው ነው፤ መኪና ግን ወይ ናፍጣ አልደረሰው፣ ወይ ኤሌክትሪክ አጥቷል፣ ወይ አንድ ነገር ተሰብሮበታል። በዚህ እምነት ነው መካነ ሰላም ላይ ጋራዥ ከፍቼ ቤተሰብ የማስተዳድረው። የኑርሁሴን ፒክአፕ ግን ዓመት ሙሉ ሲያላግጥብኝ ከረመ።

ኑርሁሴን አብሮ አደጌ ነው። ልጆች ሆነን ቁርአን ስንቀራ አንድ የእንጨት ሉህ ለሁለት ይዘን ነበር፤ እሱ ሲሳሳት እኔ እገረፋለሁ፣ እኔ ስሳሳት እሱ ይገረፋል። አሁን ከከተማው ወጣ ብሎ በከላላ መንገድ ካለች መንደር ይኖራል። እህቴ ኡሙልኸይርም ረመዳን የሚባል ሰው አግብታ እዚያው፣ ከወንዙ ማዶ ካለው ጎጥ ነው ያለችው። በአካባቢው መኪና ያለው ኑርሁሴን ብቻ ነው።

የመንደሩ ቅሬ፣ ዕድሩ ማለት ነው፣ እስላሙንም ክርስቲያኑንም አንድ ላይ ይቀብራል። የታመመ ሰው ሲኖርም ትከሻ ያለው ቃሬዛ ይሸከማል፣ በቅሎ ያለው በቅሎውን ይሰጣል፣ መኪና ያለው መኪናውን ያስነሳል። እንቢ ያለ ከቅሬው ይወጣል። ከቅሬ የወጣ ሰው ደግሞ ቆሞ ነው የሞተው፤ ሬሳውን የሚያነሳለት አያገኝም።

የኑርሁሴን መኪና ታዲያ ጠዋት ጠዋት አልነሳም ማለት አመጣ። ደውሎ ይጠራኛል፤ ዕቃዬን ሞተር ሳይክል ላይ ጭኜ እበርራለሁ። ስደርስ ቁልፉን ሲያዞረው ወዲያው እርር ይላል።

"አንተን ሲያይ ይፈራል ወላሂ!" ይለኛል እየሳቀ።

እኔ ግን አልስቅም፤ ሥራዬ ነዋ። የባትሪውን ጫፎች ፋቅኩ። ሞተሩን የሚያስነሳውን ሞተሪኖ አውርጄ አጸዳሁ። የናፍጣ ማጣሪያውን ቀየርኩ፤ በጎማ ቱቦዎቹ አየር ይገባ እንደሆነ አንድ በአንድ ፈተሽኩ። ምንም የለውም። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባ ብዬ በመጨረሻ የማላምንበትን ነገር ተናገርኩ፤ "ይኸ መኪና ብርድ አይወድም፤ ፀሐይ ሲሞቀው ይነሳል" አልኩት። ኑርሁሴን ጭንቅላቱን እየነቀነቀ "አንተ ካልክ ነው" አለ።

ታኅሣሥ ላይ ኡሙልኸይርን ጎህ ሳይቀድ ምጥ ያዛት። የመጀመሪያ ልጇ ነበር። ረመዳን እሷን ይዞ ቀረና ጎረቤቶቹን ወደ ኑርሁሴን ላከ። ኑርሁሴን ቁልፉን አዞረ፤ ሞተሪኖው ይዞራል፣ ሞተሩ አይነሳም። ሰዎቹ ገፉት፤ አልሆነም። ተመልሰው በቃሬዛ ተሸክመዋት በብርዱ ወደ ከተማ ወረዱ። ልጁ ሆስፒታል ሳይደርስ ሞተ። እህቴን አላህ አተረፈልኝ።

የዚያኑ ዕለት ረፋድ ላይ ግን የኑርሁሴን መኪና ከላላ ገበያ ላይ ጭነት ሲያራግፍ ታየ። መንደሩ ተቆጣ። ቅሬው ተቀመጠ። የቅሬው ዳኛ አያ ንጉሡ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው፤ የዚያን ቀን ግን ከሰው ቀድመው ተቆጡ። ኑርሁሴን ከቅሬ ይውጣ የሚለው በረታ። እሱም "መኪናውን የሚያውቀው ሁዜይፋ ነው፤ እሱን ጠይቁ" አለ።

ቆምኩ። "ወላሂ፣ ይኸ መኪና ጠዋት አይነሳም፤ ፀሐይ ሲሞቀው ይነሳል። ዓመት ሙሉ አገላብጬዋለሁ። የሞተው ልጅ አጎቱ እኔ ነኝ፤ ለማን ብዬ እዋሻለሁ?" አልኩ።

አጎትየው ከማለ ማን ምን ይላል? ኑርሁሴን ነጻ ወጣ። እህቴ ከሴቶቹ ጋር ሻሿን ፊቷ ላይ ስባ ተቀምጣ ነበር። ከዚያ ወዲህ ቤቷ ስሄድ ውኃ አቅርባልኝ ወደ ጓዳ ትገባለች። ሐዘኑ ነው እያልኩ ዱዓ አደርግላት ነበር።

መጋቢት ላይ ኑርሁሴን ፍሬኑን እንዳስተካክልለት መኪናውን ጋራዡ ውስጥ አቁሞ፣ ቁልፉን ጥሎልኝ ወደ ገበያ ሄደ። ፀሐዩ አናት ይበሳል። አንድ የጭነት መኪና ሊገባ ሲል ፒክአፑን ላስጠጋ ብዬ ቁልፉን አዞርኩ። ሞተሪኖው ይዞራል፤ ሞተሩ አይነሳም።

እንዴት ደስ እንዳለኝ! "ተያዝክ!" ብዬ ብቻዬን ጮኽኩ። የጭነት መኪናውን ሾፌር ውጭ ጠብቅ ብዬ ኮፈኑን ከፈትኩ። ሙቀቱ ሙቀት ነው፤ እንግዲህ ብርድ አይደለም ማለት ነው። ናፍጣ ፖምፓው ድረስ ደርሷል። ከፖምፓው ግን አያልፍም። እዚያ ላይ ናፍጣውን በኤሌክትሪክ የምትከፍት ትንሽ መክፈቻ አለች፤ ሽቦዋን ብፈትሸው ኤሌክትሪክ የለውም። የት ጋ እንደተቆረጠ ለማወቅ ሽቦውን በእጄ እየዳበስኩ ተከተልኩት። ወደ ውስጥ ገባ። በመሪው ሥር አለፈ። ምንጣፉን ገለጥኩ፤ በሾፌሩ ወንበር ሥር ገባ። እጄን ብሰድ ጣቴ አንዲት ማብሪያ ማጥፊያ ነካ፤ ሳሎን ግድግዳ ላይ የምትለጠፈው ዓይነት፣ ከብረቱ ጋር በደንብ የታሰረች።

ተጫንኳትና ቁልፉን አዞርኩ፤ ተነሳ። መልሼ ተጫንኳት፤ ጠፋ። ደጋገምኩት። የጭነት መኪናው ሾፌር "ሁዜይፋ፣ ምን ሆነሃል?" ብሎ ሲጠራኝ እንኳ እንደገና ተጫንኳት። ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሰው ጎንበስ ሳይል በግራ እጁ ይደርስባታል። ዓመት ሙሉ ዘግቷት ቆይቶ፣ እኔ ከሞተር ሳይክሌ ስወርድ የሚከፍታት ይችን ነበር።

ኑርሁሴን ጎመን በፌስታል አንጠልጥሎ መጣ። የወንበሩን ሥር አሳየሁት።

"እሷ እኮ ለሌባ ናት" አለ ቶሎ ብሎ። "ሳቆም መዝጋት ለምዶብኝ ነው።"

"ለሌባ ከሆነ ለኔ ለምን አልነገርክም? ዓመት ሙሉ ያዳከርከኝ ሌባው እኔ ነኝ?"

ፌስታሉን መሬት ላይ አስቀመጠው። "ሁዜይፋ፣ አንተ አታውቀውም። መኪና ያለው አንተ አይደለህም። ሆዱን የነፋው፣ እግሩ የተሰበረው፣ አማቱ የምትመጣበት፣ ሁሉም በሌሊት አጥሬ ሥር ነው። እንቢ ካልኩ ቅሬው ያወጣኛል፤ እሺ ካልኩ እኔ መቼ ሠርቼ ልጆቼን ላብላ? መኪናው እንቢ ቢል ግን ማንም አይቀየመኝም።"

"እኔን ለምን ጠራኸኝ?"

መልሱ ገብቶኝ ነበር። አንድ ቀን የሚመሰክርለት ሰው ያስፈልገው ነበር፤ የሚምልለት፣ ሰው የሚያምነው። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲሉ የሌላ ሰው ተረት ይመስለኝ ነበር።

"እህቴስ?" አልኩት።

"ወላሂ እሷ መሆኗን አላወቅኩም!" አለ፤ ዓይኑ እንባ ሞላ። "ምጥ የያዛት ሴት አለች ብቻ ነው ያሉኝ። ማን ናት ብዬ አልጠየቅኩም። ከጠየቅኩ እንቢ ማለት ይከብደኛል። የዚያን ቀን ለከላላ ገበያ ጭነት ተቀብዬ ነበር። የአንተ እህት መሆኗን ባውቅ ወዲያው አስነሳው ነበር፤ ታውቀኛለህ!"

ይህን እንደ ማጽናኛ ነው የነገረኝ። ከማብሪያዋ ይልቅ ይህ አቃጠለኝ። የሰው ሚስት፣ የሰው ልጅ ቢሆን ለእሱ ምንም አልነበረም ማለት ነው።

"አፉ በለኝ፣ ይቅር በለኝ" አለ እጄን ይዞ። "ቅሬው ካወቀ አለቀልኝ። ልጆቼን አስብ። ይኸን ሽቦ ቆርጠህ ጣለው፤ ሁለተኛ አይለምደኝም።"

እጄን ነጠቅኩት። ፍሬኑንም አልሠራሁለትም፤ ቁልፉን ኪሴ ከትቼ በሞተር ሳይክሌ ወደ እህቴ ነዳሁ። መንገዱን ሙሉ የምላትን ሳሰናዳ ሄድኩ። መኪናውን ያስቆመው ብርድ አይደለም፣ ኑርሁሴን ራሱ ነው፤ እኔንም አታሎኝ ነው የማልኩት ልላት ነበር። ከማንም በፊት እሷ ከኔ አፍ እንድትሰማ ፈለግኩ፤ ልጇ ሞቶ ሳለ በኔ ቃል ነው ቅሬው ኑርሁሴንን ነጻ ያወጣው።

ኡሙልኸይር ደጃፏ ላይ ምስር ትለቅማለች። አጠገቧ ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳት፤ ሽቦውን፣ ማብሪያዋን፣ እሱ ያለኝን። እጇ ከሰፌዱ ላይ አልተነሳም። ትጮኻለች፣ ደረቷን ትመታለች ብዬ ስጠብቅ ምስሯን እየለቀመች ሰምታኝ ጨረሰች።

"አውቃለሁ" አለች።

"ምኑን ነው የምታውቂው?"

"ቃሬዛው ላይ ሆኜ፣ ቁልቁለቱን ሳንጨርስ የኑርሁሴን መኪና ሲነሳ ሰምቻለሁ። ድምፁን አሳምሬ አውቀዋለሁ። ፀሐይ አልወጣችም ነበር፤ ጎህም ገና አልቀደደም። አብረውኝ የነበሩት ሴቶችም ሰምተዋል።"

"ታዲያ ቅሬው ሲቀመጥ ለምን ዝም አልሽ?"

"ልናገር እኮ ብድግ ልል ነበር። አንተ ቀደምከኝ። በአላህ ስም ማልክ።" ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችኝ። "ለጓደኛህ ብለህ በሐሰት የማልክ ነው የመሰለኝ፣ ወንድምዓለም። ይኸን ሁሉ ወር እንደዚያ እያሰብኩ ነው ውኃ ሳቀርብልህ የኖርኩት።"

"ኡሙ፣ ወላሂ እኔ..."

"ለኔ አትማልልኝ" አለች። ቁጣ የለባትም፤ ደክሟታል እንጂ። "አያ ንጉሡ ቤታቸው ናቸው። በቅሬው ፊት ያልከውን በቅሬው ፊት አፍርሰው። ያኔ አምንሃለሁ።"

ሰፌዷን አንስታ ገባችና በሩን ከውስጥ ቀረቀረችው።